ጸሎቴም ጠፋብኝ፣ እኔም

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ አምና ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቴን ተመታሁ። አሁን እሰራለሁ ግን በትንሽ ነገር እናደዳለሁ፣ ቅዳሴ ላይ ድምፁ ራሴን ሲወጋኝ ጥዬ እወጣለሁ፣ በቃሌ የምደግመው ውዳሴ ማርያም መሀል ላይ ይጠፋኛል። እናቴ «ልጄን ቀየሩብኝ» ትላለች። እግዜር ትቶኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ የእምነት ማነስ አይደለም በቃ! ንዴትን የሚገታው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው፣ ሲጎዳ ልጓሙ ይላላል፣ ድምፅ መክበድና መርሳትም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የተለመደ ነው። በ1848 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሀዲድ ሰራተኛ ብረት ጭንቅላቱን በስቶት ወጣ፣ ተረፈ፣ ጓደኞቹ ግን «ይሄ ጌጅ አይደለም» አሉ (እንደ እናትሽ ማለት ነው)፣ ብዙ ሰው የማያወራው ግን በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኛ ሰረገላ መንዳቱን ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ በር አጠገብ ተቀመጪ፣ ሲከብድሽ ውጪ። ውዳሴውም በየቀኑ የተከፈለ አይደል፣ የዕለቱን ብቻ ከመጽሐፍ አንብቢ። የነርቭ ሐኪም ጋ ስትሄጂ እናትሽንም ይዘሻቸው ግቢ፣ እሳቸውም ይስሙት።