ጥያቄና መልስ፦ ያ ቀሚስ አይተርተር

ያለፉ ዘመናት ልብሶችን እያጠናችሁ መልሳችሁ የምትሰፉ አንባቢዎች ብዙ ጽፋችኋል። የተወሰኑትን ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ1770ዎቹን ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። ከኋላው ዚፕ ባስገባለት ችግር አለው?

መልስ፦ ለመድረክ ከሆነ የለውም። ለጥናት ከሆነ አለው፤ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ዚፕ የተሠራው በ1913 ነው።

ጥያቄ፦ በእጅ መስፋት አሰለቸኝ። በማሽን ብሰፋ ነውር ነው?

መልስ፦ ከ1850ዎቹ ወዲህ ላለ ልብስ ነውር የለውም፤ ያኔም በማሽን ይሰፋ ነበር። ከዚያ በፊት ላለው በእጅ ይሁን። የምትፈሩትን ያህልም አይከብድም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰፊዎች ረጅሙን የጉርድ ስፌት ሰፋ ሰፋ አድርገው ቶሎ ይጨርሱት ነበር። ጠበቅ የሚያደርጉት ጨርቁ በሚወጠርበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ሙዚየም ያሉት ቀሚሶች ወገባቸው በጣም ቀጭን ነው። ያኔ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። ይህ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል፣ መልሱም አይለወጥም። ጨርቅ ውድ ስለነበር ሰፊ ልብስ እንደገና ተቀዶ ለሌላ ሰው ይሰፋል፣ እስኪያልቅም ይለበሳል። ለማንም የማይሆነው ጠባቡ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ዳሌው ከቀሚሱ ሥር በሚደረግ መደገፊያ ጎልቶ ሲወጣ ወገብ ቀጥኖ ይታያል። እባካችሁ፣ የራሳችሁን ልክ ወስዳችሁ ስፉ።

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ የቅድመ አያቷን የሐር ቀሚስ አግኝታለች። የ1890ዎቹ ነው ተብላለች። ተርትራ ፓተርን (የአቆራረጥ ንድፍ) ታውጣ ወይስ ሠርጓ ላይ ትልበሰው? ሁለቱም አምሯታል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ተዪው። በዚያ ዘመን ጥሬ ሐር ሲታጠብ የተፈጥሮ ሙጫው ስለሚወጣ ክብደቱ ይቀንሳል። አምራቾቹም ክብደቱን ለመመለስ በቆርቆሮና በሌሎች ብረቶች ጨው ይነክሩት ነበር። ያ ጨው ክሩን እያደረቀ ይሰባብረዋል። ሣጥን ውስጥ ደህና የመሰለሽ ቀሚስ እጅሽን ስታነሺ ብብቱ ላይ ቁልቁል ሊተረተር ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚጠግነው የለም።

መተርተሩ ደግሞ የባሰ ነው። የቀሚሱ ታሪክ ያለው ስፌቱ ውስጥ ነው። የላይኛውን ክፍል ከውስጥ በኩል እይው። ወገቡ ላይ ጥብጣብ ሳይኖረው አይቀርም፤ ከገበሩ ጋር እዚህም እዚያም ብቻ ተይዞ ሌላው ልቅ ነው። መጀመሪያ የሚያያዘው እሱ ነው። ልብሱን ወገብ ላይ ይይዘዋል፣ የፊት መቆለፊያው እንዳይወጠርም ያግዘዋል። ከጎን ስፌቱ አጠገብ የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ካየሽ ቀሚሱ አንዴ ሰፍቷል ወይም ጠቧል ማለት ነው። ተርትረሽ በብረት ከተኮስሽው ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ይልቅ ንጹሕ አንሶላ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። እጅሽን ታጠቢ፣ ቀለበትሽን አውልቂ። ቀሚሱን አስተኚው እንጂ አትስቀዪው። ስፒል አትውጊበት፣ ውሃም አታስነኪው። ለስላሳ ሜትር ይዘሽ የክሩን አቅጣጫ እየተከተልሽ ለኪ፣ ልኩን ባለካሬ ወረቀት ላይ አስፍሪ። ከዚያ አቡጀዲ ቅደጂና ሰውነትሽ ላይ ሞክሪው። እጅጌው ትከሻው ላይ እንደ ፊኛ የተነፋ ከሆነ ዘመኑ 1895 አካባቢ ነው። ለሠርግሽ ቅጂውን በአዲስ ሐር ስፊ።

ግን ከመለካትሽም በፊት የጥንት ጨርቅ ጥበቃ ባለሙያ ይየው። ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ። ሙዚየም ጠይቂ፣ ሰው ያገናኙሻል። እስከዚያ ብርሃን የማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ጥንት ልብስ ሁሉ ቡናማና ግራጫ ነበር?

መልስ፦ ኧረ አይደለም! ማደር ከሚባል ተክል ሥር ቀይ፣ ኢንዲጎ ከሚባል ተክል ደግሞ ሰማያዊ ይወጣ ነበር። በ1856 ደግሞ የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊልያም ፐርኪን ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ሊሠራ ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም አገኘ። የደበዘዘ ልብስ ካላችሁ ብርሃን ያልነካውን የስፌቱን ውስጥ እዩ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደማቅ አረንጓዴ ግን አርሴኒክ የተባለ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር በባዶ እጅ አትንኩት።

ጥያቄ፦ የሰፋሁት ኮርሴት (ዘንግ የገባበት ወገብ አጥባቂ የውስጥ ልብስ) ጎኔን ይወጋኛል።

መልስ፦ አላልተሽ እሰሪው፣ ከሥሩ ቀጭን የሊነን ሸሚዝ ልበሺ። የዘንጎቹን ጫፍም እይ፣ ጨርቁን በስተው ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ካልለቀቀሽ ሐኪም ይይሽ።