ጆሮውን እስኪሰጣችሁ ጠብቁ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣት ባለጋሪዎች፣ ፈረስ ለመግራት ለምትነሡም ሁሉ፤

በእንስሳት ጤና ሙያ ዕድሜዬን ጨርሼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ የወተት ጥርሱን ገና ያልጨረሰ ዳማ ፈረስ በልጓም ሲጎትት፣ ፈረሱም አንገቱን ሽቅብ ሰቅሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየሁ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ ቸኩዬ ያበላሸሁት ፈረስ አለ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የቦሩ ሜዳ አዛውንት ወጣት ፈረስ ሊያስከትቡ አመጡ። አልቆም ሲለኝ ጆሮውን ይዤ ጠመዘዝኩት። ቆመ፣ ወጋሁት፣ ሄዱ። በዓመቱ ያንኑ ፈረስ እየሳቡ ተመለሱ። «ልጄ፣ እጅ ወደ ጆሮው ሲጠጋ ያብዳል። ልጓም ማጥለቅ አቃተን። ያን ቀን ምን አድርገኸው ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የከበደኝ። የልጓም ጠፍር በጆሮ ላይ ካላለፈ አይጠለቅም። ስለዚህ ፈረሱን እኔ ዘንድ እንዲያቆዩት ለመንኳቸው፤ በየማለዳው ሥራ ከመግባቴ በፊት አብሬው መቆም ጀመርኩ።

የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ጥቂት ቦታና ከጭራው በስተኋላ ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ በኩል የሚመጣ እጅ ለእሱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እጅ ነው። እኔም በትከሻው በኩል፣ እያናገርኩት እሄድ ነበር። መጀመሪያ የምነካው ጋማው የሚያልቅበትን ጫንቃውን ነው። መስክ ላይ ሁለት ፈረሶች ሲፋቀሩ ያያችሁ እንደሆነ በጥርሳቸው የሚተካከኩት እዚያች ቦታ ላይ ነው። እዚያ ሲታከክ ልቡ ይረጋል፤ ከንፈሩ ይላላል፤ አንገቱ ዝቅ ይላል።

ከዚያ እጄን በጋማው ሥር አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ እገፋለሁ። ፈረሱ አንገቱን ሲያደነድን እዚያው እቆማለሁ፤ አልገፋም፤ አላነሣምም። ትንፋሹን ሲለቅ፣ ወይም ባዶ አፉን ሲያላምጥ፣ ያኔ እጄን አነሣለሁ። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ፈረስ ትምህርት የሚይዘው እጃችሁ በሚነሣበት ቅጽበት ነው። ሲወራጭ ካነሣችሁ መወራጨትን ያጠናል፤ ጸጥ ሲል ካነሣችሁ ጸጥታን። አብዛኛው ሰው «ጠባዩ መጥፎ ነው» የሚለው ፈረስ፣ ሰው ሳያውቀው ያስተማረውን ደግሞ የሚያሳይ ፈረስ ነው።

የደሴን ማለዳ ታውቁታላችሁ፤ ብረት እጅ ላይ ይጣበቃል። ያን ብረት አፉ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ብብታችሁ ሥር አሙቁት። አፉንም ገልጣችሁ እዩ። መካከለኞቹ የፊት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ፤ ቀጣዮቹ በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል። ድዱ በሚያብጥበት ሰሞን ልጓም የጠላ ፈረስ አምፆ አይደለም፤ አሞት ነው። የጀርባው አጥንት ደግሞ 5 ዓመት እስኪያልፈው ድረስ ገና ነው። በ2 ዓመቱ ሲሚንቶ ያስጎተታችሁት ፈረስ በሚጎለምስበት ጊዜ ያነክስባችኋል።

ኮምቦልቻ ላሉት፦ ባጃጅና ከባድ መኪና ለማስለመድ ብላችሁ መንገድ መሀል አትክተቱት። ራቅ አድርጋችሁ ሣር ስጡት። እየበላ ከሆነ ርቀቱ ልክ ነው፤ መብላት ካቆመ ቀርባችኋልና መልሱት። በየቀኑ ጥቂት እርምጃ ትጠጋላችሁ። ጋሪ ከመጥመዳችሁም በፊት አሮጌ ጎማ እየጎተተ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ ይልመድ።

ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» እየተባሉ የተጠሩበት አገር ልጆች ናችሁ። እዚህ አገር ፈረስ በዱላ ሲገራ ማየት ያመኛል።

የእኔ ፈረስ ጆሮውን በእጄ ላይ የተወልኝ በ19ኛው ቀን ነው። አዛውንቱ መጡ፤ ልጓሙን ሰጠኋቸውና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ቀስ ብለው ጫንቃውን አከኩት፤ አንገቱን ዝቅ አደረገላቸው፤ ጠፍሩ በጆሮው ላይ አለፈ። ያኔ የጠመዘዝኳት ግራ ጆሮው ግን ተንቀጠቀጠች። ከዚያ በኋላም ለክትባት በመጣ ቁጥር አያት ነበር፤ ልጓም ሲጠለቅለት ያቺ ጆሮ ትንቀጠቀጣለች።