ስለ አዲሶቹ ኮምባይነሮች ጠይቁኝ፦ ለአርሲና ለባሌ ገበሬዎች

ሰላም ለሁላችሁ። 19 ዓመት ኮምባይነር ላይ ነኝ። በረዳትነት ጀመርኩ፣ ኦፕሬተር ሆንኩ፣ አሁን መካኒክ ነኝ። የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ በ2011 ከተፈቀደ ወዲህ አዳዲስ ማሽን በዝቷል፣ ወሬውም አብሮ በዝቷል። ስለ ማሽኑ ጠይቁኝ። ስለ ብድር አላውቅም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሞተር ሳይጠፋ ማንም እጁን ወደ ማሽኑ አያስገባ።

ከኢተያ፦ ጋሼ፣ ተሰባስበን ኮምባይነር ልንገዛ ነው። በሮተር የሚሠራ አዲስ ዲዛይን አለ ብለውናል። ከድሮው ይሻላል?

መልስ፦ ሮተር ለእኛ ነው እንጂ አዲስ፣ ውጭ አገር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። በድሮው እህሉን ድራም ይወቃዋል፣ ገለባው አራጋፊ ላይ እየዘለለ ይወጣል። በሮተሩ ሰብሉ ረጅም ሲሊንደር ዙሪያ እየተሽከረከረ ይፈለፈላል። ፍሬ ብዙ አይሰብርም፣ ስለዚህ ዘር ለሚያባዛ ሰው ጥሩ ነው። ችግሩ ገለባው ላይ ነው። ያደቀዋል። የደቀቀ ገለባ ንፋስ ይበትነዋል፣ ለመሰብሰብም አይመችም። በጋውን ከብቶቻችሁ የሚያልፉት በዚያ ገለባ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስሉ። ከኋላ መክተፊያ ያለው ከሆነ ደግሞ ኦፕሬተሩ መክተፊያውን እንዲያጠፋው ከማጨዱ በፊት ተነጋገሩ። ካጨደ በኋላ ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

ከበቆጂ፦ ጥሩው ኮምባይነር የቱ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ማሳ? ሜዳ ነው ተዳፋት? እርከን አለው? ስንት ሄክታር? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ከሮቤ፦ ወንድሜ፣ ዘንድሮ የመጣው ማሽን ስክሪን አለው። ኦፕሬተሩ «እህል እንደማይፈስ ስክሪኑ ያሳያል» ይለናል። ማሳው ላይ ግን ዝናብ ሲነካው ስንዴው እንደ ተዘራ ይበቅላል። ማንን እንመን?

መልስ፦ መሬቱን። የዚህን ዓይነት ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስክሪኑ ቁጥሩን የሚያገኘው ከሴንሰር ነው፤ ሴንሰሩ የሚሠራው ፍሬ ሲመታው በመስማት ነው። ለእናንተ ሰብል ካልተስተካከለ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ውረዱና ቁጠሩ። 2 ሜትር ሲባጎ ቁረጡ፣ ጫፍና ጫፉን እሰሩ፣ በአራት እንጨት ወጥራችሁ አራት ማዕዘን አድርጉት። እያንዳንዱ ጎን 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ገለባውን አንሱና ውስጡ የወደቀውን ፍሬ ቁጠሩ። በማሳው ሁሉ በአማካይ 62 ፍሬ ገደማ ካገኛችሁ በሄክታር 1 ኩንታል መሬት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ነገር ግን ከኋላ የሚወጣው በጠባብ መስመር ይከመራል። የማጨጃው ስፋት 4 ሜትር ተኩል፣ የገለባው መስመር ስፋት 1 ሜትር ተኩል ከሆነ፣ መስመሩ ላይ ያለው በሦስት እጥፍ የታጨቀ ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ ቁጠሩ፦ መስመሩ ላይ፣ ደግሞ ገለባ ያልወደቀበት ቦታ። ሁለተኛው ማጨጃው ያረገፈውን ይነግራችኋል። በራሱ የረገፈም አለበት። ልዩነቱን ለሦስት አካፍሉት፣ ከኋላ የፈሰሰው እሱ ነው። ማሽኑ ቆሞ፣ ሞተር ጠፍቶ ነው ታዲያ።

ከአሰላ፦ ይህ ሁሉ የሚመጣው በኩንታል ስለምንከፍል ነው። ኦፕሬተሩ ቶሎ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ መሮጥ ነው የሚፈልገው። ደላላው ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል።

ከጎባ፦ እኔ ኦፕሬተር ነኝ። በኩንታል የሚከፈለኝ ታንከሩ ውስጥ ለገባው ነው፣ መሬት ላይ የቀረው ለእኔም ኪሳራ ነው። ገበሬው ራሱ «ዝናብ መጣ፣ ፍጠን» እያለ ነው የሚጮህብን።

ከአሰላ፦ ዝናቡማ እውነት ነው። አባቴ ግን ማሽን ሲመጣ ሁሌ ይፈራል። በካዱ (የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት) ዘመን፣ በ1960ዎቹ፣ ትራክተር ሲገባ ባለመሬቱ ጭሰኛውን ከጭላሎ አፈናቅሏል። የእኛም ዘመዶች ነበሩበት።

ከኢተያ፦ ያኔ መሬቱ የባላባት ነበር። አሁን ማሳው የራሳችን ነው። ማን ያስነሳናል?

ከአሰላ፦ የአጨዳ ሥራ የሚለምነው ወጣትስ? ደቦውስ? አሁን ህዳር ሲመጣ የቀን ሥራ የሚያገኘው ማን ነው?

መልስ፦ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ እኔም ያሳስበኛል። ዛሬ ግን ስለ ማሽኑ እንጨርስ። የአሰላውም የጎባውም ስለ ክፍያው ልክ ናችሁ። ከማጨዱ በፊት ፍጥነቱን ተስማሙ፣ ሲባጎ ይዛችሁ ቁጠሩ።

ከዶዶላ፦ አምና ማሳዬ ንጹሕ ነበር። ኮምባይነር ከገባበት ወዲህ ሲናር የሚባለው አረም ወረረኝ። አዲሶቹ ይህን ያስቀራሉ?

መልስ፦ አያስቀሩም። ሲናሩ የሚመጣው ከቀደመው ማሳ ነው። ታንከሩ ሥር፣ ማንሻው ውስጥ፣ ወንፊቱ ላይ ተደብቆ ይመጣል። ማሳችሁ ጫፍ ሳይደርስ ሞተር ጠፍቶ ክዳኖቹ ይከፈቱ፣ ይጠረግ። የሚቻል ከሆነ በኮምፕሬሰር ይነፋ። ከዚያ የመጀመሪያውን ግማሽ ኩንታል ለዘር አታስቀሩት።

ከበቆጂ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን በጥቅሉ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ጠየቅኩህ፣ አልመለስክም። መለዋወጫው አጠገብህ የሚገኘው ይሻላል። በአጨዳ መሀል ቺንጋ ተበጥሶ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ የተላከ ሰው ያውቀዋል። ለሻጩ «ሴንሰሩ ሲበላሽ በኮምፒውተር የሚመረምርልኝ ማን ነው? ስንት ቀን ይፈጅበታል?» በለው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።

ከሞጆ፦ ጤፍስ?

መልስ፦ ጤፍ የእኔ ሙያ አይደለም። ፍሬው ደቃቅ ነው፣ በየቀዳዳው ይፈሳል፣ ንፋስ ከበዛም ይበራል። በጤፍ የሠራ ሰው ጠይቅ።

ከሮቤ፦ ቆጥረን መጣን! መስመሩ ላይ 170፣ ገለባ የሌለበት ቦታ 14።

መልስ፦ ጎበዝ! 156ን ለሦስት ብታካፍለው 52። 14ቱን ጨምርበት፣ 66። ከ1 ኩንታል ትንሽ ይበልጣል። አብዛኛው ከኋላ ነው። ማጨጃውን አትንኩ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ እንደገና ቁጠሩ።

ከሮቤ፦ ኦፕሬተሩ እያጉረመረመ ቀነሰልን። አሁን መስመሩ ላይ 80፣ ሌላው ያው 14።

መልስ፦ 36 ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል ገደማ ወደ ታንከር ተመለሰ። አሁን ሞተሩን አስጠፉና ወንፊቱ ላይ ገለባ ተጣብቆ እንደሆነ እዩ።