የበረንዳው ብረት ከላይ ነው ወይስ ከታች?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ግንባታና የግንባታ ዕቃዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት እያሠራሁ ነው። ከፎቁ ወደ ውጭ አንድ ሜትር ተኩል የሚወጣ፣ ከሥሩ ምሰሶ የሌለው በረንዳ አለው። ፌራዮው (ብረት አሣሪው) የበረንዳውን ዋና ብረት እንደ ክፍሎቹ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ከታች በኩል ዘርግቶታል። ወንድሜ ፕላኑ ላይ ብረቱ ከላይ መሆኑን ቢያሳየውም «ብረቱ እስካለ ድረስ ልዩነት የለውም፤ ካሳሰባችሁ ሲሚንቶ እንጨምርበታለን» አለን። አርማታው ሊሞላ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ማንን እንስማ? (አንባቢ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ወንድምዎን ይስሙ። ብረቱ ወደ ላይኛው ፊት ሳይዛወር አርማታው እንዳይሞላ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ነውና።

በሁለት ወገን የተደገፈ ሶሌታ ጭነት ሲያርፍበት መሐሉ ወደ ታች ይጎብጣል። በዚህ ጊዜ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ፊቱ ይወጠራል፤ ስለዚህ በክፍሎቹ ውስጥ ዋናው ብረት ከታች መቀመጡ ትክክል ነው። በረንዳው ግን የተያዘው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ የሚያዘነብለው ጫፉ ነው፤ የሚወጠረውም የላይኛው ፊት፣ ይልቁንም ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መሥመር ነው። ብረት የሚያስፈልገው በሚወጠረው ወገን ነው፤ ምክንያቱም ኮንክሪት ጭምቀትን እንጂ ውጥረትን የሚችል ዕቃ አይደለም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። የጭምቀት ጥንካሬው 25 ሜጋፓስካል የሆነ ኮንክሪት፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 250 ኪሎ ግራም የሚሸከም፣ በሁሉም ጎኑ 15 ሴንቲሜትር በሆነ ኩብ ተሞልቶ በመጭመቂያ መሣሪያ ሲፈተን እስከ 57 ቶን ገደማ ይችላል። ያው ኮንክሪት ወርዱና ቁመቱ 15 ሴንቲሜትር በሆነ ዘንግ መልክ ተሞልቶ፣ 45 ሴንቲሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ፣ ርዝመቱን ሦስት ቦታ በሚከፍሉት ሁለት ነጥቦች ላይ ጭነት ሲያርፍበት ግን ሁለት ቶን ተኩል ሳይርቅ ይሰበራል። በዚህ ሙከራ የሚገኘው የመጉበጥ ጥንካሬ 3 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ሲሚንቶ መጨመር መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ የጭምቀት ጥንካሬው እጥፍ ቢሆን እንኳ የመጉበጥ ጥንካሬው ከ40 በመቶ ብዙም አልፎ አይጨምርም።

አሁን ይህን ወደ በረንዳዎ እናምጣው። ውፍረቱ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የራሱ ክብደት ብቻ በግድግዳው መሥመር ላይ፣ በላይኛው ፊት፣ ከ1 ሜጋፓስካል ጥቂት የሚያልፍ ውጥረት ያሳድራል። ኮንክሪቱ ይህን ያለ ብረትም ሊሸከመው ስለሚችል ፎርሙ በተነሣ ዕለት በረንዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባለሙያውም «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ሊልዎት ይችላል። ከዚያ በኋላ ንጣፉ ይነጠፋል፣ ጫፉ ላይ የብሎኬት መከለያ ይገነባል፣ አንድ ቀን ለክርስትና ወይም ለጥምቀት በዓል እንግዶች ወጥተው ታቦት ሲያልፍ ሊያዩ ይቆማሉ። ያን ጊዜ ውጥረቱ ወደ 3 ሜጋፓስካል ይጠጋል፤ ይህም ብረት የሌለው ኮንክሪት የሚሰበርበት መጠን ነው። ከታች የተኛው ብረት በተጨመቀው ወገን ስላለ አይዘውም፣ ስንጥቁም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ይዘልቃል።

ብረቱ ወደ ላይ ከተዛወረ በኋላም ሥራው አላበቃም። ከታችኛው ፊት 12 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የታሰረ ብረት፣ አርማታ በሚሞላበት ቀን ሠራተኞች ሲረግጡት ወደ 7 ሴንቲሜትር ቢወርድ የበረንዳው አቅም ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፤ አንድም ብረት ሳይጎድል ማለት ነው። በግንባታ ቦታዎች እጅግ የማዝንበት ጉዳት ይህ ነው፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላልና። ስለዚህ ብረቱ በጠንካራ የብረት ወንበሮች ላይ ይታሰር፣ ሠራተኞች የሚራመዱበት ጣውላ ለብቻው ይዘርጋ፣ እርስዎም በሚሞላበት ሰዓት ቆመው ከፍታውን በሜትር ይለኩ። ብረቱ ወደ ውስጠኛው ሶሌታም ቢያንስ የበረንዳውን ያህል ርዝመት መዝለቁን፣ በትክክል ስንት መሆን እንዳለበትም ፕላኑን የሠራውን መሐንዲስ ጠይቀው ያረጋግጡ።

እግረ መንገድዎን ወደ ፋሲል ግቢ ጎራ ቢሉ፣ ፌሮ ያልነበራቸው የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች ይህን ችግር እንዴት እንደተወጡት ያያሉ። ድንጋይም እንደ ኮንክሪት ሲጎብጥ ደካማ ስለሆነ በሮቹንና መስኮቶቹን በቅስት ገነቧቸው፤ በቅስት ውስጥ ደግሞ ከላይ የሚመጣው ክብደት እያንዳንዱን ድንጋይ ከጎረቤቱ ጋር እያጨማመቀ ወደ መሠረት ይወርዳል እንጂ አያጎብጠውም። የሚደንቀው የጊዜው መቀራረብ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ቆረቆሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1638፣ ጋሊሊዮ ከግድግዳ ወጥቶ የቆመ አግዳሚ እንዴት እንደሚሰበር የመረመረበት ሥራው በላይደን ታተመ። ጥንካሬው በቁመቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግ በትክክል ደረሰበት፤ ይሁን እንጂ የአግዳሚው ሁለመና የሚወጠር መስሎት ስለነበር አቅሙን ከእውነተኛው አብልጦ ገመተ። የታችኛው ወገን እንደሚጨመቅ ተረድተው ስሌቱን ያቃኑት ከእርሱ በኋላ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ በማራኪ ትንሽ የመጻሕፍት ሱቅ አለኝ። መደርደሪያዎቹ ውፍረታቸው 18 ሚሊ ሜትር፣ ወርዳቸው 25፣ ርዝመታቸው 120 ሴንቲሜትር የሆነ ቺፑድ ናቸው፤ መሐላቸው እየጎበጠ ነው። ብገለብጣቸው ይሻላል? (ነጋዴ)

መልስ፦ ለጥቂት ወራት ቀና ይሉልዎታል፤ ከዚያ በሌላው ፊታቸው ይጎብጣሉ። ቺፑድ የመጉበጥ ጥንካሬው ከ10 እስከ 15 ሜጋፓስካል ገደማ ቢሆንም፣ የመጽሐፍን የመሰለ የማይነሣ ጭነት ሲቆይበት ሳይሰበር ቀስ እያለ ይለመጣል። መሐሉ ላይ አንድ ድጋፍ ቢያቆሙ ጉብጠቱ ከአሥራ ስድስት ወደ አንድ እጅ ይወርዳል። ድጋፍ ካልፈለጉ ከፊት ጠርዙ ሥር 4 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ሞራሌ፣ 5ቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሆኖ፣ በማጣበቂያና በብሎን ያሲዙበት፤ ያ ብቻውን ከቺፑዱ ሁሉ የበለጠ ይገታዋል። በኮምፖልሳቶ ሊለውጡት ከሆነ ደግሞ የላይኛው ፊት የእንጨቱ ጭረት በርዝመቱ እንዲሄድ አድርገው ያስቆርጡ።

ጥያቄ፦ የፋይበር ግላስ ፌሮ ከብረት እጅግ ይጠነክራል፣ አይዝግም፣ ይቀላል ተብሎ ተነገረኝ። ለቤቴ ቢም ልጠቀምበት? (አንባቢ፣ ከጎንደር አራዳ)

መልስ፦ የተባለው ሦስቱም እውነት ነው፤ ያልተነገረዎት ግን ይበልጣል። ፋይበር ግላስ፣ የመስታወት ክሮች በሙጫ መሰል ፕላስቲክ ተይዘው የሚሠራ ኮምፖዚት ነው። ጭድ የገባበት ጭቃ በማገር ግድግዳ ላይ ሲደርቅ የማይፈረካከሰው ክሩ ስንጥቁን አሻግሮ ስለሚይዘው እንደሆነ ሁሉ፣ በዚህም ውስጥ ውጥረቱን የሚሸከመው ክሩ ነው። ሲወጠር የመበጠሻ አቅሙ ከተራ ፌሮ ሊበልጥ ይችላል፤ ግትርነቱ፣ ማለትም ጭነትን ሳይለጠጥ የመቋቋም ጠባዩ፣ ግን ከብረት ሩብ ገደማ ብቻ ነው፤ ብረት ወደ 200 ጊጋፓስካል ሲሆን እርሱ ወደ 50 ነው። በመሆኑም በብረቱ ልክ ተተክቶ ከገባ ቢሙ ባይሰበርም ይበልጥ ይጎብጣል፣ ስንጥቆቹም ይሰፋሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ጠባዩ ነው። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫን አስቀድሞ ይሳባል፣ ቢሙም በግልጽ ጎብጦና ተሰነጣጥቆ ሰው እንዲወጣ ጊዜ ይሰጣል፤ ፋይበር ግላስ ሳይሳብ ድንገት ይበጠሳል። በእሳት ጊዜ ክሩን የያዘው ፕላስቲክ ከብረት በጣም ቀድሞ ይለሰልሳል። በሥራ ቦታ ስለማይታጠፍም ስታፋ (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) እና መንጠቆ ከፋብሪካ ታጥፎ መምጣት አለበት። አለመዛጉ በባሕር ዳርቻና ጨው ባለበት ቦታ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በጎንደር ግን ተገቢው የኮንክሪት ሽፋን ያለው፣ በደንብ የተጠቀጠቀ አርማታ ብረቱን ለረጅም ዘመን ይጠብቀዋል። ለቢምና ለኮሎን ፕላንዎ የተሰላበትን ብረት ይጠቀሙ፤ ፋይበር ግላሱን መሬት ላይ ለሚያርፍ የግቢ ወለል ቢያውሉት ግን ተቃውሞ የለኝም።