ሸራ ጣራ ያላት መኪና ድሬ ላይ ደጅ ታድራለች?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ከዚራ ነው። አጎቴ በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ የፋይበር ቦዲ ገጥሞ የሠራትን ባጊ ሰጠኝ። ጣራዋ ሸራ ነው፣ የጎን መስኮቶቿ ላስቲክ። ጋራዥ ስለሌለኝ ደጅ ነው የምታድረው፣ ሥራም የምመላለሰው በሷ ነው። ሰዉ ሁሉ «ክረምት ይግባና እናይሃለን» እያለ ያሾፍብኛል። አብዝቼው ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አላበዛኸውም። ክረምቱን ለጊዜው ተወው፤ ድሬ ላይ ሸራ የሚጨርሰው ዝናብ ሳይሆን ፀሐይ ነው። ደግሞ ቀድሞ የሚሄደው ክሩ ነው። ስፌቱን በጥፍርህ ጫር ጫር አድርገው። ክሩ ከተፈረፈረ፣ ሸራው ምንም አዲስ ቢመስል በመጀመሪያው ዶፍ አፉን ይከፍታል፣ ስለዚህ ሳይቀደድ በወፍራም ፖሊስተር ክር አስደግመው። የጥጥ ክር ፀሐይ አይችልም። ሐረር «መኪና ግርግር» የሚባለው መንገድ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች እጃቸው ወርቅ ነው፣ ግን ለዚህ የድንኳን ወይም የወንበር ልብስ ሰፊ ፈልግ።

የላስቲኩን መስኮት አቧራ እንደለበሰ በጨርቅ እንዳትፈትገው፤ ይጫጫርና ማታ የመጪ መኪና መብራት ሲያርፍበት ምንም አታይም። መጀመሪያ ውሃ አፍስስበት። ቤንዚን ደግሞ በፍጹም! ሸራውንም እርጥብ እያለ አትጠፈው፣ ይሻግታል።

ገንዘብ ካለህ ለጥላ አውለው። አራት እንጨት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ በቃ። ፕላስቲክ ሸራ መኪናዋ ላይ ማልበሱ ግን አይመከርም፤ ንፋስ ሲያወዛውዘው ከስሩ ያለው አቧራ ቀለሙን ይፍቀዋል፣ እርጥበትም ያፍናል። የከዚራ ዛፎች ጥላ ጥሩ ነው፣ የወፍ ኩስ ካየህ ግን ሳይደርቅ እጠበው።

ፋይበር አይዝግም ብለህ እንዳትዘናጋ። ከስሩ ያለው የቮልስ ወለል ላሜራ ነው። የድሮ ቮልስ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ስር ነው የሚቀመጠው፤ ያንተም ካልተቀየረ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉን ግለጥና እስኪ እይ። ቦታውን በቤኪንግ ፓውደር ሳይሆን በቤኪንግ ሶዳና በውሃ እጠብ፣ አድርቀህ ቀለም ቀባ። መብራት አንዴ በርቶ አንዴ እምቢ ካለህ ደግሞ አምፖል ለመቀየር አትቸኩል። ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ እያንዳንዱ መብራት የራሱ የማሳ ሽቦ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው) ያስፈልገዋል፣ ሰበቡ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

በየቀኑ መንዳትህ ይጠቅማታል፤ ቆማ ከምትሻግት ንፋስ ይመታታል። ዕቃ ግን ውስጧ አታሳድር። ሌባ ሸራ ለመቅደድ ምላጭ ይበቃዋል፣ ከቴፑ ይልቅ የሸራው ወጪ ነው የሚያምህ።

እሺ፣ ወደ ክረምቱ ስንመጣ፦ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ እንዳታቆማት። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ውሃው ከደጋው ሊወርድ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያ ሁሉ የጎርፍ ጥፋት የደረሰው ሰው በተኛበት ሌሊት ነው።