የ1992 ሚያታ ብቅ ባይ መብራት፦ ይጠገን ወይስ በቋሚ ይተካ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት የ1992 ማዝዳ ሚያታህ የግራ መብራት አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም። ስለዚህ መብራቶቹን የሚያነሱትን ሞተሮች ነቅለህ ቋሚ ኤልኢዲ ልትገጥም አስበሃል፤ ቨርጂኒያ ስለምትኖር የዓመታዊው ምርመራ ነገርም አሳስቦሃል። እኔ የምልህ፦ በዚህ ብልሽት ምክንያት ብቻ አትንቀለው። ይህ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸ ኮንታክት፣ የዛገ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ መስመር) ወይም የደረቀ ግሪስ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቋሚ መብራት በትክክል መግጠም ግን ከዚያ በጣም ይረዝማል።

መጀመሪያ አቋቋሙን ልብ ብለህ ተመልከት። እየተንገዳገደና ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ ከቆመ ችግሩ ሜካኒካል ነው፣ ወይም ወደ ሞተሩ የሚደርሰው ቮልቴጅ አንሷል። በሙሉ ፍጥነት እየተነሳ ድንገት ቀጥ ካለ ደግሞ ኮንታክት ወይም ሽቦ ነው። ሳያቋርጥ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ ውስጥ ያለው የማቆሚያ ኮንታክት ተጣሟል ወይም እርጥበት ገብቶበታል። የቀኙ ያለ እንከን እየሠራ እስከሆነ ድረስ ዋናውን ፊውዝና ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቁልፍ አትጠርጥር። ሁለቱም በድን ቢሆኑ ኖሮ ኮፈን ስር ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ያለውን ባለ 30 አምፔር ፊውዝ አስቀድመህ ታይ ነበር።

እጅህን ወደ ሞተሩ ከማስገባትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ይህን አትዝለለው፤ ሞተሩ ትንሽ ቢመስልም ድንገት ከዞረ ጣት ይቀጠቅጣል። ከዚያ ሞተሩ ላይ ያለውን ጥቁር የጎማ ክዳን አንሳ፤ ከስሩ በእጅ የሚዞር ጉልላት አለ። መብራቱ ተነስቶ እስኪወርድ ድረስ ደጋግመህ አዙረው። ከላይ እስከ ታች እኩል ለስላሳ ከሆነ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚከብድህ ከሆነ ወይ የሚገፋው ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ደርቋል፣ ወይ የመብራቱ ክዳን ከኮፈኑ ወይም ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ይፋተጋል። ቀለም በተቀባ ወይም ተጋጭቶ በተቃና መኪና ላይ የክዳን መፋተግ የተለመደ ነው፤ ጠርዙ ላይ የተላጠ ቀለም ካየህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም።

የኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪውን መልሰህ አስረህ፣ ሰው ቁልፉን እየተጫነልህ፣ የሞተሩ ሶኬት ላይ በቴስተር ለካ። 12 ቮልት እየደረሰው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ማሳውን መርምር፦ የማሳውን ብሎን ፍታ፣ ቦታውን ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ መልሰህ አጥብቅ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ካላለቀ ሞተሩን አውርድ። የሞተሩ ክራንክ (የሚገፋውን ዘንግ የሚያንቀሳቅሰው አጭር ክንድ) ከሞተሩ በሚወጣው እንዝርት ላይ የተቀመጠበትን አቅጣጫ በቀለም ምልክት ሳታደርግበት ዳዶውን አትፍታ፤ ትንሽ ዞሮ ከተመለሰ መብራቱ ወይ ሙሉ አይነሳም ወይ ሙሉ አይገባም። የሚገፋውን ዘንግ ከክራንኩ ለመለየት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብተህ ቀስ ብለህ አላቀው፣ በኃይል አትመንጭቀው።

የሞተሩን ሽፋን ስትከፍት አንድ የመዳብ ክብ ሰሌዳ ታያለህ፣ በላዩ ላይ የሚንሸራተቱ ቀጫጭን የናስ ጣቶችም አሉ። ሞተሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፦ ግማሽ ዙር ያነሳል፣ ቀሪው ግማሽ ይመልሳል። የት እንደሚቆም የሚነግሩት እነዚያ ጣቶች ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ግሪስ እዚያ ላይ እንደ ቡናማ ሰም ይጋገራል። በኮንታክት ማጽጃ እጠበው፣ መዳቡን በጣም በለሰለሰ ወረቀት ዳብሰው እንጂ አትፋቀው፤ ጣቶቹ ላልተው ከሆነ በፒንሳ ትንሽ ወደ ሰሌዳው አስጠጋቸው። አዲስ ነጭ የሊቲየም ግሪስ ለጥርሱ ብቻ ነው። ኮንታክቱ ላይ ከፈሰሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ችግር ይመለሳል።

የሚገፋው ዘንግ መጋጠሚያ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ቡሽ (ቀለበት) ሳታይ አትዝጋው። ማታ መኪናውን ግድግዳ ፊት ለፊት አቁመህ የመኪናውን ሞተር በቀስታ ስታስነሳ የአንደኛው ወገን ብርሃን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቡሹ አልቋል። ሰዎች በዚህ ጊዜ አምፖል ይቀይራሉ፤ አምፖሉ ግን ምንም አላጠፋም።

«ቋሚ ብቻ ነው የምፈልገው» ካልክ እንዲህ ነው። በግማሽ ተነስቶ እንዲቆም አድርገው የሚሉህን አትስማ፤ መብራቱ ሲጋደም ጨረሩ ጎማህ ፊት አስፋልቱ ላይ ይወድቃል፣ ክራንኩም በተቆለፈ ቦታው ስለማይቆም ይንቀጠቀጣል። የሁለተኛው ትውልድ ሚያታ መብራት ቋሚ ነው፣ ግን ኮፈኑን፣ ሁለቱን ፓራፋንጎና ፓራውልቱን ካልወሰድክ አይገጥምም። ስለዚህ የሚቀርህ በፋይበር ክዳን ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ፕሮጀክተሮች (ጨረሩን በሌንስ የሚያወጡ መብራቶች) ናቸው፤ የተለመደው ባለ 90 ሚሊ ሜትር ሞጁል ነው።

እዚህ ላይ ብር ከማውጣትህ በፊት ሜትር ያዝ። የአሜሪካ ደንብ የፊት መብራት መሃል ከመሬት ከ559 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ከ1372 እንዳይበልጥ ይላል። በአውሮፓ ደግሞ የአጭር መብራት የታችኛው ጠርዝ ከ500 ሚሊ ሜትር በታች መሆን አይችልም። ቀድሞውኑ ብቅ ባይ መብራት የተሠራው አፍንጫው ዝቅ ያለ መኪና ይህን ከፍታ እንዲያሟላ ነው። መኪናህ ስፕሪንግ ተቆርጦለት ወይም ተቀይሮለት ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ የተኛው ክዳን ከፍታ ላይ የተገጠመ ፕሮጀክተር ከወሰኑ በታች ሊወድቅ ይችላል። መስታወቱ ላይ የዶት (DOT) ምልክት፣ ማለትም የአሜሪካን ደንብ ያሟላል የሚል ምልክት፣ መኖሩንም አረጋግጥ፤ ምልክት የሌለው መብራት በምርመራ ላይ ችግር ያመጣብሃል። በተጨማሪ ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ የመጣ መብራት አትግዛ፤ ለግራ መንገድ የተሠራ ስለሆነ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ይወጋል። አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ለሚነዱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚሳሳተው ሽቦ ላይ ነው። የፋብሪካው ሶኬት ሦስት እግር አለው፦ አንድ የጋራ፣ አንድ ለአጭር፣ አንድ ለረጅም። በአንዳንድ መኪኖች የጋራው ማሳ ነው፤ በአንዳንድ የጃፓን መኪኖች ግን የጋራው ፖዘቲቭ ሆኖ ቁልፉ የሚያበራውና የሚያጠፋው ማሳውን ነው። ተራ አምፖል በሁለቱም ይበራል፤ ኤልኢዲ ግን ወይ አይበራም ወይ አጭሩና ረጅሙ አብረው ደብዘዝ ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ሶኬቱን ንቀል፣ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርግ፣ አጭሩን አብራ፣ ሦስቱንም እግር ለካ። የጋራው 12 ቮልት ካሳየ በማሳ የሚቆጣጠር ነው፤ ለሱ የሚስማማ መቀየሪያ ገመድ (አዳፕተር) ያስፈልግሃል። የፋብሪካውን ሽቦ አትቁረጥ፤ በሶኬት አገናኝ። የሞተሮቹን ሶኬት ሸፍነህ እሰር፤ ፊውዛቸውን ከማውጣትህ በፊት ሌላ ነገር አብሮት እንደማይጠፋ ፈትሽ።

ብቅ ባዩን ሳትነቅል ተራ ኤች 4 አምፖል (አጭሩንም ረጅሙንም የሚሰጥ) የምትጠቀም ከሆነ፣ የመኪናው ሞተር እየሠራ ሳለ በባትሪውና በመብራቱ ሶኬት መካከል ያለውን ልዩነት ለካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አስገባ፦ ባለ 30 አምፔር ሪሌ ለአጭር፣ ሌላ ለረጅም፣ ከባትሪው በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለእያንዳንዱ 15 አምፔር ፊውዝ ባትሪው አጠገብ። ባለ 55 ዋት ሁለት አምፖል 9 አምፔር ገደማ ይስባል። የኤልኢዲ አምፖል ለተራ አምፖል በተሠራ መስታወት ውስጥ አታስገባ፤ የብርሃኑ ምንጭ ቦታ ስለማይገጥም ጨረሩ ይበተናል፣ መጪውን ያሳውራል።

የትኛውንም ብትመርጥ ጨረሩን ሳታስተካክል አትንዳ። ጎማው በትክክል ይነፋ፣ የሾፌሩ ቦታ ላይ ሰው ይቀመጥ፣ መኪናው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ከግድግዳ 7.6 ሜትር ይራቅ። የመብራቶቹን መሃል ከፍታ በቴፕ አመልክት፤ የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከዚያ መስመር ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። መብራቱ ተነስቶ ባለበት በቀለበቱ ዙሪያ ባሉት ሁለት ብሎኖች ነው የምታስተካክለው፣ አንዱ ለከፍታ፣ ሌላው ለጎን። ስትጨርስ ደግሞ ቁልፉን አሥር ጊዜ ያህል አንሳና አውርድ፣ ከዚያ እንደገና ለካ። ጠርዙ ቦታው ላይ ካልተመለሰ ቡሹን አልቀየርክም ማለት ነው።