ኤንጂኦ ቤት ያላችሁ፣ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎም ሳይቀር ጥያቄ መጥቷል። ኤንጂኦ ውስጥ ሰው ኃይል ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ያለ ይሉኝታ እመልሳለሁ። የማንንም ስም አላነሣም።

«ጋሼ፣ መሥራቿ እትዬ ሁሉን ነገር ራሳቸው ይይዛሉ። የፎቶ ኮፒ ብር እንኳ ያለ ፊርማቸው አይወጣም። ቦርድ አለ ይባላል፤ አይተነው አናውቅም።»

ይሄ የብዙ ቤት በሽታ ነው። እትዬ ከሳሎናቸው ጀምረው፣ ከኪሳቸው አውጥተው እዚህ አድርሰውታልና የራሳቸው ቤት ቢመስላቸው አይገርምም። ግን አንዴ ከተመዘገበ ድርጅቱ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም። «አምባገነን ነዎት» ብትሏቸው ትኳረፋላችሁ እንጂ ፊርማው አይለቀቅም። ይልቅ የፊርማ ሥልጣን ወሰን በጽሑፍ ይውጣ በሉ፤ እስከዚህ ብር ፕሮግራም ኃላፊው ይፈርማል፣ ከዚያ በላይ እሳቸው። «መስክ ሲወጡ ስልክ አናበዛብዎትም» ብትሉ ይሰማሉ። የቦርዱን ቃለ ጉባኤም ጠይቁ። አንድ ቤት የዓመቱ ቃለ ጉባኤ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ቀኖቹ ብቻ ይለያያሉ! ቦርዱ እንዲህ ከሆነ እትዬን የሚጠይቃቸው የለም ማለት ነው፣ ችግሩም የሳቸው ጠባይ ብቻ አይደለም።

«ደመወዝ ሲነሣ ‹ሕጉ 20 በመቶ ነው የሚለው› እንባላለን። እኔ የፕሮጀክቱ ነርስ ነኝ።»

እሱ ማምለጫ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 በ20 በመቶ የገደበው አስተዳደራዊ ወጪን ነው። የፕሮጀክት ነርስ ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ ነው። በጀት ስለሌለ ከሆነ በጀት የለም ይበሉ፤ ሕጉን ምን አስገባው?

«እሑድ እሑድ የእናቶች ሥልጠና አለ። ትርፍ ሰዓት ስንጠይቅ ‹በጎ ሥራ እኮ ነው› ይሉናል።»

በጎ ሥራማ ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በበጎ ሥራ አይከፈልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሳምንት ዕረፍት ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት እጥፍ ይከፈል ይላል፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል። አንድ ተንኮል አለ፣ «ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ሰጥተው የሥራ መሪ ነህ፣ አዋጁ አይመለከትህም ማለት። ሥራ መሪ የሚያሰኘው የያዝከው ሥልጣን ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ስም አይደለም። ሰው የማትቀጥር፣ የማታባርር፣ መኪና እንኳ ለምነህ የምትወጣ ከሆነ የምን መሪነት ነው?

«ልለቅ ነው፤ የሥራ ልምድ ወረቀት ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

መስጠት ግዴታቸው ነው። የሚገባሽ ክፍያም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈልሻል፤ ከእጅሽ ያለ የድርጅት ንብረት ካለ በቅድሚያ አስረክቢ። የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤሽን መዝገብ ቤት አስገቢና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ። የልምድ ወረቀቱን ወይም ክፍያውን እምቢ ካሉ ቅጂውን ይዘሽ አካባቢሽ ያለው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂ።